ሽንት ቤት ውስጥ መዝፈን ግዴታ ነው

የምንኖርበት ቤት «የንጋት ሸለቆ» ይባላል። ስሙን ያወጣው ሰው አንድ ሌሊት እንኳ እዚህ አላደረም። ቢያድርማ ከፊታችን የተገተረው ቀይ ገደል ፀሐይዋን ጋርዶ እንደሚይዝ፣ ንጋት የሚባለው ነገርም እኛ ጋ የሚደርሰው ቁርስ ተበልቶ ሳህን ከታጠበ በኋላ እንደሆነ ያይ ነበር። ዩታ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤቶች ሞልተዋል። ሁሉም ስማቸው ውስጥ ወይ ንጋት፣ ወይ ተስፋ፣ ወይ ድልድይ አለ። «መኖር የሰለቻቸው ልጃገረዶችና እንቅልፍ ያጡ ወላጆቻቸው» ብሎ የሰየመ እስካሁን አልተገኘም፤ እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው።

ሃዲ እባላለሁ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የነብራስካ ልጅ ነኝ። በሚያዝያ ወር ቤታችን ፎቅ ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ዳግመኛ ላለመውጣት ወሰንኩ። በሩን ሰብረው አወጡኝ። ዝርዝሩን ለአማካሪዬ ነግሬያታለሁ፤ ለእናንተ አልደግመውም። ለእናንተ የምነግራችሁ አባቴ ስላደረገው ነገር ነው።

እዚህ አዲስ የገባች ልጅ መጀመሪያ የምትነጠቀው ጫማዋን ነው፤ እንዳታመልጥ። በነጠላ ጫማ በረሃ አይሻገሩም። ሞክረው የተመለሱ ልጆች እግራቸው ላይ የተሰካው የቁልቋል እሾህ ሲለቀምላቸው አይቻለሁ። ከጫማ ቀጥሎ ስልክ ይሄዳል። ከስልክ ቀጥሎ በር። በር ስላችሁ፣ ደረጃ አንድ ላይ ያለች አዲስ ልጅ ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ገርበብ ብሎ ይቆያል፤ አንድ ሠራተኛ ውጭ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ደግሞ እስክትወጣ ድረስ መዝፈን አለባት። ድምፅዋ ከተቋረጠ ሠራተኛው ዘው ብሎ ይገባል። እዚህ ነገር ላይ ቀልድ የለም።

ሰው ሽንት ቤት ቁጭ ብሎ ዝፈን ሲባል ምን ምን እንደሚዘፍን ብትሰሙ! አብራኝ የምትተኛው ማሪጎልድ የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ነበር የምታዜመው። እኔ ደግሞ የማባዣ ሠንጠረዥን በቤተ ክርስቲያን ዜማ። ራንስ የሚባለው ጠባቂያችን፣ በወጣትነቱ በሬ እየጋለበ የሚወዳደር የነበረ፣ ግማሹ አጥንቱ በብረት የተያያዘ ሰውዬ፣ ከውጭ ሆኖ «ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ሁልጊዜ ትሳሳቻለሽ» ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ያቃተኝ ሒሳብ እዚህ ሽንት ቤት ውስጥ ተስተካከለ።

ጥቅምት ሲገባ ደረጃ ሦስት ደርሼ ነበር። ጫማዬ ተመልሶልኛል፤ በር ዘግቼ በዝምታ መሽናት እችላለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወላጆች ቅዳሜና እሁድ። ቤተሰብ ይመጣል፣ አብሮ ይለማመዳል፣ እሁድ ጠዋት ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጥና አማካሪዋ «ዝግጁ ናችሁ?» ትላለች። አባት፣ እናትና ልጅ ሦስቱም «አዎ» ካሉ፣ እሷም ካመነቻቸው፣ ልጅቷ በዚያው መኪና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ካልሆነ እስከሚቀጥለው የወላጆች ቀን እዚሁ ናት፤ እሱም በኅዳር ማለቂያ ከሚውለው የምስጋና በዓል በኋላ ነው።

ቤቴን ፈልጌው ነበር። ሌላ አባባል አላውቅለትም፤ ፈልጌው ነበር። ሳላስፈቅድ ማቀዝቀዣ መክፈት፣ ውሻዬን ደረቴ ላይ ማስተኛት፣ ማንም መጥቶ «አሁን ስሜትሽ ከአንድ እስከ ዐሥር ስንት ነው?» ሳይለኝ አንድ ጠዋት ሙሉ ማኩረፍ። እዚህ ማኩረፍ እንኳ ስብሰባ ያስጠራል።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ። የዚህን ቤት አነጋገር እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። ዋናው ሕግ «አንቺ እንዲህ ነሽ» አይባልም፤ «እኔ እንዲህ ይሰማኛል» ነው የሚባለው። ማሪጎልድ በመጣች ሳምንት «እኔ አንቺ ደደብ እንደሆንሽ ይሰማኛል» ብላኝ ማንም አልተቆጣትም፤ እንዲያውም ስሜቷን ስለገለጸች ተመሰገነች። ይሄን ለተማረ ሰው ዓይንን በጨው አጥቦ መቅረብ ቀላል ነው። እማዬ አስቸጋሪዋ ናት፤ እሷን በቃላት እይዛታለሁ። አባዬ ደግሞ ከጨዋታ በቀር ምንም ነገር እምቢ ብሎኝ አያውቅም። እቅዴ ይሄ ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ መጡ። አባቴ ድዋይት ለገበሬዎች የመስኖ ማሽን ይሸጣል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፊቱ ፀሐይ ያቀላው ሰው ነው። ከኮፍያው እስከ ካልሲው ቀይ ለብሶ መጣ፤ በማግሥቱ ማልያው ቀይ የሆነው የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ይጫወታላ። እኛ አገር የጨዋታ ሰሞን ቀይ ያልለበሰ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሞቷል፤ የሞተውንም ቢሆን ቀይ አልብሰው ሲቀብሩ አይቻለሁ። ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ ያ ቡድን አንጀት የሚያርስ ነገር አሳይቶን አያውቅም። አባዬ ግን በየዓመቱ «ዘንድሮ ልዩ ነው» ይላል።

እናቴ ኮሪን የጥርስ ሐኪም ቤት ጥርስ የምታጥብ ባለሙያ ናት። የከተማችን ሰው አፍ ሁሉ በእጇ አልፏል። ሥራው አበላሽቷታል እላለሁ፤ ሰው አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ማውራት ለምዳለች። አቀፈችኝ፣ ፀጉሬን አሸተተች፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «እኔ ስላየሁሽ ደስታ ይሰማኛል» አለች። እሷም አጥንታ መጥታለች።

«እኔም ደስታሽ ይሰማኛል» አልኳት።

«ወይ ጉድ! ሁለት ፓስተር ይዤ ነው የምመለሰው» አለ አባዬ።

ቅዳሜ ምሳ የቀረበው በአይብና በቅቤ ተለውሶ የተጋገረ ድንች ነበር። የዩታ ሰዎች ለቅሶ ቤት የሚወስዱት ምግብ ስለሆነ «የቀብር ድንች» ይሉታል። መኖር ለሰለቸው ልጅ የቀብር ድንች ማቅረብ የማን ሐሳብ እንደሆነ እስካሁን አላጣራሁም። ግን ይጣፍጣል፤ ደግሜ ነው ያነሳሁት። አባዬ ሦስቴ።

ከምሳ በኋላ አማካሪያችን ሼይሊን አጨበጨበች። ሼይሊን ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ አራት ልጆች አሏት፤ ደክሟት ግን አይቼ አላውቅም፤ ይሄ ነገር ያስፈራኛል።

«አሁን ቦታ እንቀያየራለን» አለች። «ወላጆች፣ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ደረጃ አንድ ናችሁ። ልጆቻችሁ ደግሞ ጠባቂዎቻችሁ ናቸው። ነገ እስክትሄዱ ድረስ እነሱ የኖሩትን ኑሮ ትኖሩታላችሁ። በሉ ጫማ!»

አንድ ክፍል ሙሉ ትልልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ የጫማ ክሩን ሲፈታ ማየት ደስ ይላል። የማሪጎልድ አባትና እናት ሁለቱም የአእምሮ ሐኪሞች ናቸው፤ ከተፋቱ ቆይተዋል፤ የመጡትም በየራሳቸው መኪና ነው።

«ስለዚህ ልምምድ እኔ ድሮ ጽፌያለሁ» አለ አባቷ፣ ነጠላ ጫማውን ግራና ቀኙን አቀያይሮ እንዳደረገ።

«ጽፈኸዋል እንጂ መቼ ሠርተኸው ታውቃለህ» አለችው እናቷ። «እንደ ትዳሩ።»

ማሪጎልድ ወደ እኔ ዞራ «ይኸውልሽ፣ ሃያ አራት ሰዓት ነጻ ሕክምና እየተሰጠኝ ነው ያደግሁት» አለችኝ።

የስልኩ ቅርጫት ሲዞር አባዬ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሳያንገራግር ወረወረው። እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ቀርቶታል፤ ይሄ ሰው ደግሞ የገዛ ሠርጉን ቀን የቡድኑን የጨዋታ መርሐ ግብር አይቶ የቆረጠ ነው። እኔ ግን ለእኔ ብሎ ነው አልኩ። ለእኔ ሲል ጨዋታ ተወ።

«ሽንት ቤትስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ትዘፍናለህ።»

«ሃዲ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«ፊኛህ ልደት ያከብራል እንዴ? ትዘፍናለህ አልኩህ።»

«ቤተ ክርስቲያን እንኳ አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው።»

«እኔ ተቃውሞ ይሰማኛል» አልኩት በሼይሊን ድምፅ። እማዬ ሳቋን ዋጠች። ሁሉም ነገር እየሰመረልኝ ነበር።

ወላጆቹን ወደ ፈረሶቹ ጋጥ ወሰድናቸው። ደረጃ አንድ ላይ ያለ ሰው ፈረስ መቦረሽ አለበት፤ ምክንያቱን ማንም አይነግራችሁም፤ ፈረሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እማዬ ጠጋ ብላ የአንዱን ፈረስ ጥርስ ማየት ጀመረች። ራንስ የማሪጎልድ አባት እንዳይረገጥ ይሯሯጣል። ከሁለት ሰዓት በላይ እንደዚያ ስንል ቆየንና አባዬ ሆዱን ያዘ።

«ያ የቀብር ድንች» አለኝ። «ሊቀብረኝ ነው።»

የልጃገረዶቹ ቤት ከሠራተኛ በቀር ወንድ ስለማይገባበት ወደ ቢሮው ሕንፃ ወሰድኩት። እዚያ ለእንግዳ የተሠራ ሽንት ቤት አለ፤ ለእንግዳ ስለሆነም ከውስጥ ይቆለፋል። በሩን ገርበብ አድርጎ እንዲተወው ነገርኩት።

«አባትሽ እኮ ነኝ» አለ። «ትንሽ ክብር ተዪልኝ እንጂ።»

ተውኩለት። ቆለፈው። ኮሪደሩ ላይ ያለው ወንበር ላይ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ፤ ልክ እንደ ራንስ።

«ዝፈን!»

ጉሮሮውን ጠረገና የእሁድ መዝሙር ጀመረ። አባዬ ሲዘፍን የጠፋ ጥጃ ይመስላል። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። አንድ ስንኝ፣ ሁለት ስንኝ፤ ከዚያ ድምፁ እየሳሳ ሄደና ቆመ።

«አባዬ? እየሰማሁህ አይደለም።»

«እህ» አለና ግማሽ ስንኝ ጨመረ። ከዚያ ዝም።

«አባዬ፣ ዝፈን።»

ምንም።

በጣቴ በሩን ቆረቆርኩት። ምንም። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር፤ ሊያበሽቀኝ ፈልጎ ነው ብዬ። ቀጥሎ ግን በየሳምንቱ በሚፈቀድልን የስልክ ጥሪ እማዬ ያለችኝ ትዝ አለኝ። «አባትሽ ከሥራ ይመጣና ከመኪናው ሳይወርድ ቁጭ ብሎ ይቆያል» ብላኝ ነበር፤ ያኔ ሬዲዮ እያዳመጠ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። የጠቆረው የዓይኑ ሥር ትዝ አለኝ። ያ የከሳው አንገቱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱን አሞት ነው ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን ከተቆለፈ በር ኋላ ዝም ያለ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ችግሩ ያ ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በጡጫ መታሁት። «አባዬ! አባዬ፣ ክፈት!» በእርግጫ መታሁት። በትከሻዬ ገፋሁት። ራንስን ተጣራሁ፤ ራንስ ከፈረሶቹ ጋር ነው። «እባክህ አባዬ፣ እባክህ፣ ምንም አላደርግም፣ ክፈትልኝ!» እያልኩ የበሩን እጀታ ልነቅለው ደረስኩ። ምን እያልኩ እንደሆነ አላውቅም ነበር። በሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ተቀምጬም መምታቴን አላቆምኩም።

በሩ ተከፈተ።

አባዬ ቆሟል። ቀበቶው ታስሯል። አንደኛው ካልሲው ወደ ታች ተጠቅልሏል፤ አንድ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቷል፤ በእጁ ስልክ ይዟል። ስልኩ ደግሞ የእኔ ነው! ቤት ትቼው የመጣሁት፣ ሽፋኑ ላይ ዘውድ የደፋች እንቁራሪት የተለጠፈችበት ስልኬ።

«ሽሽሽ! ምን ሆነሻል?» አለኝ። «የጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ነው፤ ልናሸንፍ ጫፍ ደርሰናል!»

ተነስቼ መታሁት። ደረቱን፣ ክንዱን፣ ያገኘሁትን ሁሉ። እዚህ ቤት ስድስት ወር የተማርኩት ንግግር አንዱም አልመጣልኝም። «አንተ!» ብቻ ነው የምለው፤ «አንተ! አንተ! አንተ!» ቆሽቴ አርሮ፣ ንፍጤ ከእንባዬ ጋር ተደባልቆ። «የሞትክ መስሎኝ ነበር!»

«ሽንት ቤት ውስጥ?» አለ ሳቅ እያለ። «በምን?»

ከዚያ ገባው። ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ያ ቀይ ሰውዬ እንደ ግድግዳው ነጣ።

የራንስ ቦት ጫማ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ተሰማ። «እዚያ ምን ተፈጠረ?»

አባዬ ስልኩን ካልሲው ውስጥ ሰገሰገው። «ምንም!» ብሎ ጮኸ። «ድምፄን ቀንሼ ስለዘፈንኩባት ነው!» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «በእናትሽ፣ ሃዲ። በዚህ የተነሳ እንዳትቀሪ። ነገ ቤትሽ ነሽ። ከእኔና ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

ራንስ ደረሰ። እኔን አየኝ፤ አባዬን አየ፤ ተመልሶ እኔን አየኝ። «ሰላም ነው፣ ሃዲ?»

ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግሁ። «ሁሉም ሰላም ነው» አልኩት። ከአፌ የወጣው ምንም ሳያስቸግረኝ ነው። ለዓመታት ተለማምጄዋለሁ እኮ።

እሁድ ጠዋት ሻንጣዬ በር አጠገብ ቆሟል፤ ማሪጎልድ ትራሴን ወርሳለች። ክብ ሠርተን ተቀመጥን። መጀመሪያ የማሪጎልድ ቤተሰብ ተጠየቀ። አባቷ «ዝግጁ ነን» ሲል እናቷ «ማን ነው እኛ?» አለችው፤ እዚያው ላይ አለቀ። ማሪጎልድ ሻንጣዬን እያየች እሷ እዚሁ እንደምትቀር፣ ከእኔ የሚተርፋት ትራሱ ብቻ እንደሆነ አመነች።

እኛ ቀጠልን። እማዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ «እኔ ተስፋ ይሰማኛል። ልጄ ወደ ቤቷ ለመመለስ ዝግጁ ናት፤ እኛም ዝግጁ ነን» አለች። ድምፅዋ ቆንጆ ነበር። ፈገግታዋም ቆንጆ ነበር። ነጭ ጥርስ እንደሆነ እኛ ቤት ሞልቷል።

«ዝግጁ ነን» አለ አባዬ። «ሁለቱንም ቀን ግልጽ ሆነን ነው ያሳለፍነው።» ይሄን ሲል አላየኝም።

«ሃዲ?» አለች ሼይሊን።

«አዎ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። አንዲት ቃል። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቼ ውሻዬ ጋ መሄድ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ግን አንድ ነገር እያቃጠለኝ ነበር፤ ስልኩም አይደለም፣ ጨዋታውም አይደለም። ያቃጠለኝ «ሰላም ነው» ያልኩት ነው። ቤት ስገባ ሥራዬ ያ እንደሚሆን ታየኝ። እኔ የአባዬን እደብቃለሁ፣ አባዬ የራሱን፣ እማዬ በነጭ ጥርሷ ትስቃለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንደዚያ ነበር ስንኖር የቆየነው። እዚያ መታጠቢያ ቤት ድረስ የሄድኩት በዚያው መንገድ ነው።

«አባዬ ካልሲው ውስጥ ስልክ አለ» አልኩ።

የማሪጎልድ አባት ጎንበስ ብሎ የአባዬን እግር አየ።

«ትናንት ሽንት ቤት ቆልፎ ጨዋታ ሲያይ ነበር። አልዘፈነም። ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። በሩን ሳንኳኳ፣ ሳንኳኳ...» ወደ ሼይሊን ዞርኩ። «ከዚያ ማንም አያውቅም ዝም በይ አለኝ። እኔም ለራንስ ሰላም ነው አልኩት።»

«ሃዲ!» አለ አባዬ። «ምን ማድረግሽ ነው? የቤትሽን ትኬት እኮ ነው የቀደድሽው!»

«አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ማልቀሴ አናደደኝና የባሰ አለቀስኩ። «ቤቴን እፈልጋለሁ! ከሁሉም በላይ እፈልጋለሁ! ግን ከበሩ ኋላ የሞትክ መስሎኝ ነበር፤ አንተ ደግሞ ሰላም ነው በይ አልከኝ!»

እማዬ ተነሳች። ቀስ ብላ ሄዳ አባዬ ፊት ቆመች። «ካልሲህን አውልቅ።»

«የትኛውን?» አለ።

«ድዋይት!»

አወለቀው። ባለ እንቁራሪቷ ስልክ ወለሉ ላይ ወደቀች። እማዬ አንስታ አየቻት፣ አገላበጠቻት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅሁት።

«እኔም አዎ ያልኩት ሰው ስለሚያየኝ ነው» አለች፤ ለሼይሊን አልነበረም፤ ለእኔ ነው። «ዝግጁ አይደለሁም። እፈራሻለሁ። የገዛ ልጄን እፈራታለሁ። ቤት ውስጥ ውሃ ሲከፈት በሰማሁ ቁጥር፣ አንቺ በሌለሽበት ቤት እኮ ነው፣ ያለሁበት ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።»

«ኮሪን፣ ይሄን ስላካፈልሽን...» አለች ሼይሊን።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም!» አለቻት እማዬ። «ናፍቀሽኛል። ትራስሽን አቅፌ ነው የምተኛው። ግን ዛሬ መኪናችን ውስጥ እንዳትገቢ። አልቻልኩም። ካሁኑ ብትመጪ በርሽ ሥር ወንበር ዘርግቼ ሳልተኛ ነው የማረጀው።»

አመመኝ። በጥፊ እንደመቱኝ ነው ያመመኝ። ግን ከሚያዝያ ወዲህ እማዬ ከተናገረችው ሁሉ ያመንኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። እሷም ከተናገረች በኋላ ሳትስቅ ተቀመጠች፤ ሳትስቅ ደግሞ ሌላ ሰው ትመስላለች፤ ማውራት የሚቻል ሰው።

«እንግዲያው ዛሬ አይሆንም» አለች ሼይሊን። «ከምስጋና በዓል በኋላ እንሞክራለን። ዛሬ የሆነው ነገር ግን...»

«አትጨርሺው፣ በናትሽ» አልኳት። አልጨረሰችውም፤ ለዚህ ወደድኳት።

ማሪጎልድ ተነስታ ሄዳ ትራሴን አልጋዬ ላይ መለሰችው።

ሊሄዱ ሲሉ እማዬ አቅፋኝ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብታ መሪውን ያዘች። አባዬ ወደ ኋላ ቀረት አለ። እኔ የተቀመጥኩበት የቢሮው ደረጃ ላይ መጥቶ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ጫማው ተመልሶለታል፤ ክሩን ግን አላሰረውም። ትኩር ብሎ ቀዩን ገደል ያያል።

«ተሸነፉ» አለ።

«እነማን?»

«ቡድኑ። በመጨረሻዋ ኳስ።»

«አዲስ ነገር ንገረኝ።»

ሊነሳ ነው ስል ያንኑ ገደል እያየ «ስታንኳኪ ሰምቼሻለሁ» አለኝ።

«ጆሮህን ደፍነኸው ነበር እኮ።»

«አንዱን ነው የደፈንኩት። በሌላው ሰምቼሻለሁ። ስትጠሪኝም፣ ስታንኳኪም። ትቆይ፣ ይቺን ኳስ ልይ ብዬ ነው ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት።»

ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ።

«በሚያዝያም ሰምቻለሁ» አለ። «እናትሽ ከላይ ስትጠራኝ። ምድር ቤት ቁጭ ብዬ የልምምዱን ጨዋታ እያየሁ ነበር።»

«ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ የሚጫወተውን?»

«እሱን።»

«ማንም ቢሸነፍ እኛው የምንሸነፍበትን?»

«እሱን፣ ሃዲ።» ኮፍያውን አውልቆ ዓይኑን ጠረገበት። «ሁለቴ ጠራችኝ። መጣሁ እንኳ አላልኳትም። ስትጮህ ነው የተነሳሁት። ለሷም አልነገርኳት፣ ለማንም አልነገርኩም። ማታ ማታ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ እሱን ነው የማስበው። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ እላለሁ።»

አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ቡድኑ ሲሸነፍ እንኳ። ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት ውስጤን ፈለግሁ፤ አጣሁት። ንዴትም ፈለግሁ፤ እሱን ቅዳሜ ደረቱ ላይ ጨርሼዋለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«አሁንስ ብጠራህ?»

«እመጣለሁ።»

«ጨዋታ እያለ?»

አሰበ። ያ ሰው ከዚያ ሁሉ በኋላ ቁጭ ብሎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ! ወዲያው «አዎ» ቢለኝ ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር።

«እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «እየተራገምኩ ነው የምመጣው። ግን እመጣለሁ።»

አመንኩት። እጄን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁ፤ ከዚያ በላይ ዛሬ አልነበረኝም።

እማዬ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋ «ድዋይት!» ብላ ተጣራች።

«አባዬ፣ እየተጠራህ...» ብዬ ሳልጨርስ ተነስቶ፣ ክሩ ባልታሰረው ጫማው እየተደናቀፈ፣ ወደሷ ሮጠ።